የስኬልቪክ ስምንት ቁጥር

ስለ ሶልቪ ሲወራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈባትን ያቺን ቀን ነው። እኔ ግን የክለቡን ማሊያ አጥብ የነበርኩ ሴት ነኝና ሶልቪን የማውቀው በአንገትጌው ነው። የሌሎቹ ልብስ ከወገብ በታች ነበር የሚቆሽሸው፤ ቁምጣው ጭቃ፣ ካልሲው ጭቃ። የሱ ስምንት ቁጥር ግን አንገትጌው ላይ ደም አያጣም። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ፣ ጨው ነስንሼ፣ እያሸሁ እራገም ነበር። «ይሄ ልጅ ጭንቅላቱን የት አባቱ ነው የሚከተው?» እላለሁ። የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ጉንቮር እባላለሁ። የሶልቪ እናትና የኔ እናት እህትማማቾች ናቸው። ዕድሜዬን በባሕር ዳር መንደራችን በስኬልቪክ ዓሣ ፋብሪካ ቆሜ ዓሣ ስበልት ፈጀሁት። ምላሷ ከቢላዋ ይብሳል ይሉኛል፤ ይበሉ። ይህን የምነግራችሁ አፌ አላርፍ ብሎኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። በማን እንደተናደድኩ ግን እስካሁን በደንብ አላውቅም።

ያን ጊዜ ሜዳችን ሣር የሚባል ነገር አያውቅም። ጥቁር ጠጠር ነው፤ ባንድ ወገን ተራራው፣ በሌላው ባሕሩ። የወደቀ ሰው ቆዳው ተልጦ ይነሳል። በረኛችን ብራንዱር ኳሷን ሲለጋት ወደ ሰማይ ትወጣና ነፋሱ እዚያው መልሶ ያመጣታል። ከሌላ ከተማ የሚመጡት ተጫዋቾች በትንሿ አውሮፕላን ሲናጡ ቆይተው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ነው የሚደርሱት። ቀና ብለው ኳሷን ሲፈልጉ ይደናገራሉ። ሶልቪ ግን ከሥሯ ቆሞ ይጠብቃታል። ዷ! በቴስታ። ብራንዱር እንደገና ይለጋል፤ እንደገና ዷ! ረጥባ በውርጭ የደረቀች ኳስ ድንጋይ ናት እኮ። የአማካይ ሥራው ኳስ ማከፋፈል ነው ይባላል፤ የኛ አማካይ ሥራው ከሰማይ የሚወርደውን ሁሉ በግንባሩ መቀበል ነበር። ተመልካቹ ብርዱን ሸሽቶ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው የሚያየው፤ ሶልቪ በቴስታ በመታ ቁጥር ሜዳው ዙሪያውን ክላክስ በክላክስ ይሆናል።

ተጋጭቶ ሲወድቅስ? እኛ ዘንድ ለተመታ ጭንቅላት መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በረዶ ጫንበትና ተመለስ። አሰልጣኙ ራሱ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሮጦ ገብቶ ጎንበስ ይልበታል።

«ስምህ ማነው?»

«ሶልቪ።»

«በል ግባ!»

አለቀ ምርመራው። አንዴ እንዲያውም «ሶልቪ» ሳይሆን የአባቱን ስም ተናገረና አሰልጣኙ «እሱም ያው ነው፣ ግባ» አለው። ይህን ለዓመታት ስናወራው ኖርን።

ገና ፂሙ በቅጡ ሳይበቅል የዋና ከተማው ትልቅ ክለብ ወሰደው። እናቱ እዚያ ያለው ዓሣ ዓሣ አይደለም ብላ ደረቅ ዓሣ በከረጢት ጠቅጥቃ ሰደደችው። ፈጣን አልነበረም፤ አብዶ የሚባለውንም አይችልበትም። ሜዳው መሃል ተተክሎ ሲቆም ግን ማንም አያልፈውም። ጋዜጠኞቹ «የምዕራቡ ዐለት» አሉት። መንደራችን በዚህ ስም ክረምቱን በሙሉ ሲያሾፍበት ከረመ። ለበዓል ሲመጣ እናቱ ሳትቀር «ዐለቱ፣ ና ብላ!» ነበር የምትለው። እሱም «ዐለት ወጥ አይበላም» ይልና ሦስት ጊዜ ያስጨምራል።

ከዚያ ብሔራዊ ቡድኑ ጠራው። ግጥሚያው ውጭ አገር ነው። ፋብሪካው ማሽኑን አቆመና ሁላችንም ከነሽርጣችን ቴሌቪዥኑ ሥር ተኮለኮልን። ሶልቪ ቤንች ላይ ተቀምጧል። እኛ አሰልጣኙን እየተሳደብን፣ ሰዓቱ እየሄደ፣ ሊያልቅ ሲል ሶልቪ ቱታውን አወለቀ። ገባ! ኳስ ከላይ መጣች፤ እሱም እንደለመደው ከሥሯ ገብቶ በቴስታ መታት። ወደ ውጭ ወጣች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ይኸው ነው፤ በዕድሜው ለአገሩ የተጫወተው ይቺን ብቻ ነው። ተሸንፈናል፤ እኛ ግን አገር እንዳቀና ሰው ተቃቀፍን። ብራንዱር አለቀሰ። ብራንዱር ድሮም እንባው ቅርብ ነው።

ቀጥሎ አንድ የኖርዌይ ክለብ ወሰደው። እዚያ ብዙም ሳይቆይ ከአንድ ግዙፍ ተከላካይ ጋር ግንባር ለግንባር ተላተመ። ራሱን ስቶ ወደቀ። ሲነቃ «ስንት ለስንት ነን?» አለ፤ ነገሩት፤ ተነስቶ መጫወት ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ኳስ በደረሰው ቁጥር ለተቃራኒው ቡድን ያቀብላል አሉ፤ የማሊያው ቀለም ተምታቶበት። ይህን ለኛ ያወራን ራሱ ነው፣ እየተንከተከተ። «እንግዳ ተቀባይ ሰው ነኝ፤ ጥሩ ጥሩ ኳስ ነው የሰጠኋቸው» ይላል። እኛም ሆዳችንን ይዘን መሳቅ። «ቆይ፣ ይሄ ያስቃል እንዴ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አንድም ሰው!

ወደ ስኬልቪክ ሲመለስ ራስ ምታቱን ይዞት መጣ። ለሄርዲስ እንጂ ለማንም አልተናገረም። ሄርዲስ ሚስቱ ናት፤ አስተማሪ፣ ቀጥ ያለች፣ እንደኔ የማትለፈልፍ። የአባቱን ጀልባ ተረከበና ሳምንቱን ዓሣ ያጠምዳል፤ ቅዳሜ አምበል ሆኖ ይጫወታል። አንዳንዴ መጋረጃ ዘግቶ፣ ብርሃን ጠልቶ ሲተኛ ሄርዲስ «ባሕሩ አድክሞት ነው» ትለናለች። አመንናት። ማመን ይቀላል መቼም። እንዲህ እያለ ወደ አርባ እስኪጠጋ ተጫወተ። የመጨረሻዋ ግጥሚያ እንኳ ለወግ አልበቃችም፤ በዝናብ ውስጥ ተሸንፈን ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ወረድን። ሰዉ መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክስ ነፋለት፤ እሱም ማዶና ማዶ እጁን እያነሳ ወጣ።

መርሳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያስቅ ነበር። አንድ ቀን ጀልባዋን ማዶ ካለው መንደር ወደብ አሰራት። ዳገቱን ወጥቶ ከላይ ያለውን ቤት ከፍቶ ገባ። እኛ አገር በሩን የሚቆልፍ ሰው የለም። ጫማውን አወለቀ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና «ሄርዲስ፣ ምን አለ የሚበላ?» አለ። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ምን ታድርግ፤ የተቀቀለ ዓሣና ድንች፣ የቀለጠ ሞራ አፍስሳበት አቀረበችለት። በልቶ ሲጨርስ ነው ቀና ብሎ ያያት።

«አንቺ ማነሽ?»

«እኔም አንተን ልጠይቅህ ነበር፤ ግን እየበላህ ነውር መሰለኝ» አለችው።

ወሬው ባሕሩን ተሻግሮ ከሱ ቀድሞ መንደር ገባ። ለጥር ግብዣ ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል!

በጥር፣ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ማለት ተስኗት ክረምቱ አንገታችንን አንቆ ሲይዘን፣ መንደሩ ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምግብ በእንጨት ገበታ ተሸክሞ ይመጣል፤ የታጨሰ የበግ ሥጋ፣ በአጓት የኮመጠጠ የበግ ቆለጥ፣ ተቀብሮ የከረመ የሻርክ ሥጋ፣ አረቄ። ከዚያ በምስጢር ሲዘጋጅ የከረመው የግብዣው ኮሚቴ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ባለፈው ዓመት ማን እንዴት እንደተሞኘ በጭውውት እያሳየ ያሾፋል። ቄስ ነኝ፣ ሹም ነኝ ማለት የለም። የተሾፈበት ሰው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ መሳቅ አለበት። የሚታለፉት ሐዘን የገባባቸውና ለመሞት የተቃረቡ ብቻ ናቸው። ይህን ያወጀው የለም፤ ግን የማያውቀው የለም።

ያን ዓመት ብራንዱር ሶልቪን ሆኖ ወጣ። ስምንት ቁጥሩን ለብሶ፣ አዳራሹ ውስጥ ከገበታ ገበታ እየዞረ፣ ሌላው ያመጣውን ሥጋ እያነሳ እየጎረሰ፣ «ሄርዲስ! ሄርዲስ! ምን አለ የሚበላ?» እያለ። የቄሱ ጭን ላይ ሁሉ ተቀመጠ። ሰው ከወንበሩ ወደቀ። ሶልቪ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ተነስቶ ብራንዱርን ጨበጠው። እኔም ስጮህና ስጨበጭብ መዳፌ ቀላ። በሽታው ፊት ለፊታችን ቆሞ እጅ ሲነሳን እኛ አጨበጨብንለት።

በበጋው ነው ነገሩ የለየለት። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ባሕሩ እንደ ሳህን ተኝቶ፣ የጀልባው ሬዲዮ ላይ የሶልቪ ድምፅ መጣ። «ቤቴ በየት በኩል ነው?» አለ። ወጥተው የነበሩት ጀልባዎች ሁሉ ሰሙት። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ሶልቪ ግን ደገመው፤ ድምፁ የሕፃን ልጅ ድምፅ ነበር። ብራንዱር መረቡን ጥሎ ሄዶ እየጎተተ አመጣው። መንደራችን ከዚያ ይታያል እኮ! የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይታያል።

ሄርዲስ ወደ ዋና ከተማው ሐኪም ወሰደችው። ሲመለሱ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ሐኪሙ ከኳሱ ነው ይላል» አለችኝ። «ከቴስታው፣ ከመጋጨቱ። አንጎሉ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ አንጎል ሆኗል ጉንቮር። አይድንም። እየባሰ ነው የሚሄደው።»

«እሱስ ሰምቷል?»

«ሰምቷል። መንገድ ላይ ደግሞ ጠየቀኝ፤ እንደገና ነገርኩት። ደግሞ ጠየቀኝ።» ከዚያ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

አልተናገርኩም። እኔ ምላሴ ረጅም ነው፤ ያንን ግን አልተናገርኩም። ቢሆንም የጀልባዋን ቁልፍ ሄርዲስ እንደወሰደችበት መንደሩ አየ፤ ሬዲዮውንም ሰምቷል። ሳምንት ሳይሞላ የማያውቅ አልነበረም።

መኸር ላይ እንዲህ ሆነ። ሶልቪ ከመዋኛው ፍል ውሃ ገንዳ ወጣና የቄሱን ልብስ ለብሶ ቤቱ ገባ። ጥቁር ሸሚዝ፣ ነጭ አንገትጌ፣ ሱሪ፣ ከውስጥ ያለውም ሳይቀር። ቄሱ ምን ምርጫ አለው፣ የሶልቪን የክለብ ቱታ አጥልቆ በመንደሩ መሃል አለፈ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ዓመቱን ሙሉ እንስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሰው ከመስኮቱ አየና መጋረጃውን መለሰ።

ጥር ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ካልሲ ስሠራ፣ ሶልቪ በሩን ከፍቶ ገባ። ያን ቀን ዓይኑ ጥርት ያለ ነበር።

«ዘመዴ፣ ዘንድሮ አለሁበት?»

«ምኑ ላይ?»

«አታሞኚኝ። ኮሚቴው ውስጥ እንዳለሽ ድመትሽም ታውቃለች።»

«ምስጢር ነው። ጫማህን አውልቀህ ግባ።»

«አውልቄያለሁ። ይሄን ያህል አልጃጀሁም እኮ!» አለና ተቀመጠ። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። «ሰዎቹ ጥሩ ሆነውብኛል ጉንቮር።»

«ጥሩ መሆን ደግሞ ምን ጥፋት አለው?»

«ገንዳው ውስጥ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። ከዚያ ስለ አየሩ ያወሩኛል። ብራንዱር! ያ ብራንዱር፣ በእግሮቹ መሃል የገባችበትን ጎል ሳነሳበት እናቴን ሳይቀር ሲሰድብ የኖረው ሰውዬ፣ ትናንት ‹ልክ ነህ ሶልቪ› አለኝ። ልክ ነህ! በሕይወቱ ልክ ነህ ብሎኝ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩ። 

«ዮናታንን አስታውሺው እስቲ። የመርከብ መካኒኩን። ካንሰሩ ሲብስበት ዘለልነው፤ ያን ዓመት ኮሚቴው ውስጥ እኔ ነበርኩ። አዝነንለት ነው ብለን ነው እኮ። ሌሊቱን ሙሉ ስሜ መቼ ይጠራል እያለ መድረኩን ሲያይ አመሸ። መጨረሻ ላይ መብራቱ ሲበራ ፊቱን አየሁት። የዚያን ቀን ነው የቀበርነው ዘመዴ፤ ፋሲካ ላይ ያደረግነው ሬሳውን ማውጣት ብቻ ነበር።»

ካልሲዬን አስቀመጥኩ። 

«ዘንድሮ ገና መሳቅ እችላለሁ» አለኝ። «አሹፉብኝ። የኳስ ዝናዬን እንዳታነሱ ደግሞ፤ እሱን ካነሳችሁ ምስጋና ታደርጉታላችሁ። ባጠፋሁት አሹፉብኝ። የቄሱ ሱሪ አለልሽ። አንቺ አፈ ቢላ፣ ለኔ ጊዜ ነው የምትደንዢው?»

«እሺ» አልኩት።

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው፤ ውጣልኝ አሁን፣ ሥራ አስፈታኸኝ።»

ሳቀ። እየሳቀ ወጣ። ስሰድበው እንዴት ደስ እንዳለው!

ሄርዲስ ሰማች። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ያዘችኝ፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«ስሙ መድረክ ላይ ከተነሳ ሁለተኛ ቤትሽ አልረግጥም።»

«ራሱ ነው የለመነኝ ሄርዲስ።»

«ራሱ! ጠዋት የጠየቀውን ማታ አያስታውሰውም። ሸሚዙን ማን እንደሚቆልፍለት ታውቂያለሽ? መታጠቢያ ቤቱ የት እንደሆነ ስንቴ እንደምነግረው ታውቂያለሽ? ይሄ ነው መሳቂያው? አምና ሳቃችሁ፤ እኔም አብሬያችሁ ሳቅሁ። ያን ቀን መሳቄ እስካሁን ሆዴን ይበላኛል።»

«ከዘለልነው ይሞታል።»

«ካሾፋችሁበት እኔ እሞታለሁ» አለችና ገብታ በሩን ዘጋችው።

እውነቷን ነው። እሱም እውነቱን ነው። ሁለት ሰው እንዲህ እውነቱን ሲናገር መሃል ላይ የቆመ ሰው ምን ይሁን? ኮሚቴው ውስጥ ብናነሳው ሁሉም መሬት መሬት አየ። ብራንዱር «አምና የለበስኩትን ማሊያ ደግሜ አልለብሰውም፤ ግደሉኝ» ብሎ ተንሰቀሰቀ። ቄሱ ብቻ ነው «ሱሪውን አመጣላችኋለሁ» ያለው። በቃ፣ ሌላ ሰው ከሌለ ሶልቪን እኔ እሆነዋለሁ አልኩ። ለምኖኛል፤ ቃል ሰጥቻለሁ። ሄርዲስን የማጣት ከሆነም ልጣት።

ግብዣው ደረሰ። አዳራሹ ግጥም ብሏል። ሹሙ አዲሱን መኪናውን ወደብ ውስጥ መክተቱ ተነሳ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ከበግ ጋር ተጣልቶ አጥር ላይ ማደሩ ተነሳ፤ ሰው ትንፋሽ አጠረው። ሶልቪ ከሄርዲስና ከብራንዱር መሃል ተቀምጦ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል። ከዚያ የኔ ተራ ሆነ።

የቄሱን ጥቁር ሱሪና ነጭ አንገትጌ አድርጌ፣ በላዩ ላይ ስምንት ቁጥሩን ለብሼ ወጣሁ።  አዳራሹ ከመቅጽበት ጸጥ አለ።

«ባልና ሚስት ናችሁ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሶልቪ ቄስ ሆኖ ሙሽሮች ሲያጋባ መሆኔ ነው። «እረፍት ላይ ቦታ ትቀያየራላችሁ!»

ማንም አልሳቀም።

ሕፃን የመሰለ አሻንጉሊት አቀበሉኝ፤ ላጠምቅ ነው። ወደ ላይ ወረወርኩትና በቴስታ መለስኩት። «ኃጢአትህ ወጥቷል! ኮርና ነው!»

አንድ ሰው አሳለው። ሹካ የያዘው ሹካውን እንደያዘ ቀረ። ያ ሁሉ ሰው፣ አፉን የማይዘጋው መንደር፣ ሰሃኑን ያያል። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ጸጥታ መሃል አንድ ሳቅ ወጣ። ሶልቪ ነው። አፉን ከፍቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል። ብቻውን። ቀኝና ግራውን አየ፤ ብራንዱርን በክርኑ ጎሰመው። ብራንዱር አቀረቀረ። የሶልቪ ሳቅ መሳሳት ጀመረ፣ ዓይኑ ከሰው ሰው ይዞራል። እኔም ቃሉ ጠፋኝ። ገደልነው፣ በቃ ገደልነው አልኩ በሆዴ።

ያኔ ሄርዲስ ብድግ አለች። ልትወጣ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔስ!» አለች ጮክ ብላ። «እኔስ! የቄሱን የውስጥ ሱሪ አጥቤ ደጃፌ ላይ አሰጣሁት እኮ! ሁለት ቀን ሙሉ ሲውለበለብ ዋለ! ሴቱ ሁሉ ሲያልፍ ሰላምታው ለምን እንደተለወጠ አሁን ነው የገባኝ!»

ከዚያ ሳቀች። የግዷን ነበር የጀመረችው፣ ጥርሷን ነክሳ፤ እጇን ግን ሶልቪ ትከሻ ላይ አሳርፋ ሳቀች። ቄሱ ተነስቶ «መልሺልኝ ታዲያ!» አለ። አዳራሹ ፈነዳ። የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ፤ ሰው እያለቀሰ ይስቃል፣ ገበታ ይደበድባል፣ «ኮርና! ኮርና!» ይላል። ብራንዱር እንኳ ፊቱን በናፕኪን ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። ሶልቪ ከሁሉ በላይ ሳቀ። እኔም እየጮህኩ አሻንጉሊቱን እንደገና በቴስታ መታሁት። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቃሌን ጠበቅሁ አልኩ።

ከመድረኩ ኋላ ላቤን ስጠርግ ሶልቪ መጣ። አቀፈኝ፤ ፊቱ በእንባ ርሷል።

«ጉንቮር፣ ገደልሽኝ! ጎኔን ወጋኝ እኮ! የቄስ ሱሪ ለብሶ የሚሄድ ሰው! ምን ዓይነት ጅል ነው!»

«ዕድሜ ላንተ» አልኩት እየሳቅሁ።

እሱ ግን ሳቁን ቀስ እያለ ዋጠው። እጄን ያዘኝና ሰው እንዳይሰማው ጠጋ አለ።

«እኔን ግን ዘለላችሁኝ» አለ። «እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። ለምን ዘለላችሁኝ? ለምኜሽ ነበር እኮ ዘመዴ።»

 እጄን ለቀቀና ኮሪደሩን ይዞ ወደ መውጫው ሄደ። ሄርዲስ ካፖርቱን ይዛ እየተከተለችው መጣች። ጉንጮቿ ገና ከሳቁ አልበረዱም፤ ከስንት ወር በኋላ መልኳ ተመልሶ ነበር።

«ምን አለሽ?» አለችኝ።

«አመሰገነኝ» አልኳት።